ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፦ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ሥራ አጀማመር

በገናና በፋሲካ ማግስት በየሰፈሩ የሚጣለውን የበግና የፍየል ቆዳ ያላየ የለም። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ሰብሳቢው ደጅ ድረስ አይመጣም፤ ቆዳው ቦይ ውስጥ ይበሰብሳል። በዚያው አጥቢያ ብራና መዳመጥ፣ ማለትም ቆዳን ፍቆ ለጽሑፍ ማዘጋጀት፣ የሚያውቁ አባት ሥራ አጥተው ይቀመጣሉ፤ የአብነት ተማሪው ደግሞ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ይህ መመሪያ ሦስቱን ማገናኘት ለሚፈልግ ሰበካ ጉባኤ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ጽዋ ማኅበር የተዘጋጀ ነው። ጥሬ ቆዳ ከመሰብሰብ ተነሥቶ የተጠረዘ መጽሐፍ እስከ መሸጥና ገንዘቡን ለነዳያን እስከ ማድረስ ይዘልቃል።

እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በክፍያ ነው። ቆዳ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል፤ የተከፋ ባለሙያ ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ቅድሚያ ስለ ሰውና ስለ ገንዘብ።

1. ቃለ ጉባኤና ውል

ከሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ውሳኔ ያዙ። ሥራው በማን ስም እንደሚካሄድ፣ የትኛው ክፍል እንደተሰጠው፣ ገንዘቡ በምን ደረሰኝ እንደሚገባ፣ እነማን እንደሚፈርሙና ትርፉ ለምን እንደሚውል በግልጽ ይጻፍበት። በቃል ብቻ የተሰጠ ፈቃድ አስተዳዳሪው የተቀየሩ ዕለት ያበቃል፤ ክፍሉ ለሌላ ጉዳይ ይፈለግና ቆዳው ከነመወጠሪያው ደጅ ይወጣል።

አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ይበቃል፦ አንድ ካህን፣ ጽሑፉን የሚያርም አንድ የግእዝ ዐዋቂ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ አንድ ሒሳብ ያዥ እና ባለሙያው ራሳቸው። ባለሙያውን ከኮሚቴው ውጭ አታድርጉ። መወጠሪያ በምን ልክ እንደሚሠራ የማያውቁ አራት ሰዎች ተሰብስበው ዋጋና ቀነ ገደብ ከወሰኑ ውጤቱ የታወቀ ነው።

«ለነፍስዎ ነው» የሚለውን ነገር ገና ከመነሻው ዝጉት። ባለሙያው ፈልገው የሚሰጡት አስራት ሌላ፣ ደመወዛቸው ሌላ። መነሻ ዋጋ ለማግኘት የአካባቢው ጥሩ አናጺ በቀን ስንት እንደሚከፈለው ጠይቁ፤ ለብራና ባለሙያ ከዚያ ያነሰ አትስጡ። በቆዳ ቁጥር ብቻ መክፈል ጉዳት አለው፦ ሰው ቶሎ ለመጨረስ ሲል ስቡን በደንብ ሳይፍቅ ያልፋል፣ ጉዳቱም ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲንሸራተት ይታያል። የቀን ክፍያ ሆኖ በግእዝ ዐዋቂውና በጸሐፊው ተመርምሮ ለተቀበሉት ቅጠል ትንሽ ጭማሪ ቢደረግ ይሻላል። ሲያስተምሩ የሚያልፈው ሰዓትም ይከፈል፤ ተማሪ ከጎኑ የያዘ ባለሙያ የሚያወጣው ሥራ ከወትሮው ግማሽ ቢሆን አይግረማችሁ።

ከክፍያው ቀጥሎ ክብር ነው። በብዙ የሀገራችን ክፍል ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሲናቅ ኖሯል። «ፋቂ» ስድብ ነው፤ ባለ እጁን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽም ዛሬ አልታጣም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ያንኑ ቆዳ መጽሐፍ ሆኖ ሲመጣ እንሳለመዋለን። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪው ራሳቸው ባለሙያውን «የብራና መምህር» ብለው ለምእመናን ያስተዋውቁ። በዝክርና በጽዋ ቀን ከካህናትና ከሽማግሌዎች ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ። ተማሪዎቹ የሚጠሯቸው «መምህር» ወይም «አባ» እያሉ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በእረፍት ሰዓት የሚቀላለዱትንም ስሙ፤ ስድቡ ብዙ ጊዜ የሚያድረው እዚያ ነው።

ተማሪ ስትመርጡ ለአብነት ተማሪዎችና ሥራ ለሌላቸው የአጥቢያው ወጣቶች፣ ለሴቶችም ለወንዶችም፣ ቅድሚያ ስጡ። ከአራት አይብለጡ፤ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ከአራት እጅ በላይ መቆጣጠር አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ትንንሾቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ መስመር ማስመርና ንባብ ማረም ሊለማመዱ ይችላሉ፤ ስለትና ጥሬ ቆዳ ግን አይንኩ። የአብነት ተማሪው የጉባኤ ሰዓቱ እንዳይጓደል ከየኔታ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሳይጠየቁ የቀሩ የኔታ ተማሪውን ቢከለክሉ እውነት አላቸው።

2. ወቅት፣ ቦታና ዕቃ

ክረምት ላይ አትጀምሩ። እርጥበት ባለበት አየር ቆዳው ከመድረቁ በፊት ይሸታል፣ ፀጉሩ በየቦታው ይረግፋል። ጥቅምት ላይ ቀለም ጀምሩ፤ ለመብሰል ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋልና። ቆዳ ለገና ሰብስቡ፣ ጥርና የካቲት ዳምጡ፣ በዐቢይ ጾም መጻፍ ጀምሩ። የፋሲካ ቆዳም ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል። የእንቁጣጣሽ ቆዳ በጨው ካልቆየ አይሆንም።

ደምና ፀጉር ያለበትን ጥሬ ቆዳ አስተዳዳሪውን ሳትጠይቁ ወደ ቅጽሩ አታስገቡ። የሚሻለው መንከሩንና መፋቁን ከቅጽሩ ውጭ፣ መጻፉን ውስጥ ማድረግ ነው። የመፋቂያው ቦታ ውኃ የሚገኝበት፣ ከፊሉ ጥላ የሆነ፣ ነፋሱ ወደ ቤቶች የማይነፍስበት ይሁን። ለጥራጊው ሥጋና ለፀጉሩ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በየቀኑ አፈር አልብሱት። ጎረቤት የሚያማርረው በመጥፎ ጠረኑ ነው፤ የወረዳ ጤና ባለሙያ የሚመጣው ደግሞ ጎረቤት ሲያማርር ነው።

በአንድ ጊዜ አራት ቆዳ ለመሥራት የሚያስፈልገው፦

- ከባሕር ዛፍ የተሠሩ 4 መወጠሪያዎች፣ የውስጥ ስፋታቸው 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20። እንጨቱ ክንድ የሚያህል ይሁን፤ ከቀጠነ ቆዳው ሲደርቅ ጎትቶ ያጎብጠዋል።
- 2 የፕላስቲክ በርሜል፣ እያንዳንዱ 100 ሊትር የሚይዝ። የብረት በርሜል ይዝጋል፣ ዝገቱም ቆዳው ላይ የማይለቅ ነጠብጣብ ይተዋል።
- ለእያንዳንዱ መወጠሪያ 15 ሜትር ያህል የቃጫ ገመድ፤ ናይለን ይንሸራተታል። እርሳስ የሚያህሉ 120 ያህል ትንንሽ እንጨቶች።
- ጠርዛቸው ግማሽ ክብ የሆነ 2 መፋቂያ፣ ፀጉር የሚላጭበት 2 እጀታ ያለው ስለት፣ ሞረድ።
- ሻካራ ቀላል ድንጋይ፣ ማለትም በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ እግር የሚፈተግበት ዓይነት።
- ወፍራም ጓንት፣ የላስቲክ ሽርጥ፣ ሳሙና።

3. ቆዳ መሰብሰብ

ፍየል ይመረጣል። የበግ ቆዳ በሽፋኖቹ መካከል ስብ ስላለው ይላጣል፣ ቀለምም አይቀበልም፤ ለመለማመጃ ግን ይሆናል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት የተጻፉት በፍየል ቆዳ ነው። የካርቦን ምርመራው ዕድሜያቸውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ390 እስከ 660 ባለው ዘመን አድርጎታል፤ ቆዳውን በደንብ ከመረጡና ከፋቁ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ማሳያ ይሆናል።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ከቅዳሴ በኋላ አስነግሩ። ሲነገር ሦስት ነገር ይካተት። አንደኛ፣ የተገፈፈው ቆዳ በአራት ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ቆዳው በቢላ ሳይሆን በጡጫ እየተገፋ ይገፈፍ። በቢላ ጫፍ የተነካ ቦታ በጥሬው ጭረት ብቻ ይመስላል፤ ሲወጠር ግን አፉን ከፍቶ እንቁላል የሚያህል ቀዳዳ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ታሞ ወይም በራሱ የሞተ እንስሳ ቆዳ ፈጽሞ አይምጣ። አባ ሰንጋ በቆዳና በፀጉር ወደ ሰው ይተላለፋል፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፣ ያመጣውን ሰው አመስግናችሁ መልሱት።

ስትረከቡ ቆዳውን በብርሃን ፊት ዘርግታችሁ እዩ። እከክ የያዘው በፀጉሩ በኩል ሲዳሰስ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ ተፍቆ ሲያልቅ ትንንሽ ነጥብ ይሞላበትና ብርዕ ያደናቅፋል። በዕለቱ የማይነከረውን በሥጋው ገጽ በኩል ሸካራ ጨው አልብሱት፤ ለአንድ ፍየል ቆዳ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይፈጃል። ዘቅዝቆ ውኃው እንዲወርድ ተዳፋት ላይ ደርድሩት።

ስንት ቆዳ ያስፈልጋል? ለመጀመሪያ ሥራ ውዳሴ ማርያም ምረጡ። ቅጠሉ 16 በ12 ሴንቲ ሜትር፣ ብዛቱ 32 ቅጠል ቢሆን፣ ታጥፈው ሁለት ሁለት ቅጠል የሚሆኑ 16 ቁራጮች ይፈልጋል። ከአንድ ደህና ፍየል ሰባት ወይም ስምንት ቁራጭ ይወጣል፤ ስለዚህ በሒሳብ ሦስት ቆዳ ይበቃል፣ በተማሪ እጅ ግን አምስት ያዙ። መዝሙረ ዳዊት ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ። 150 ቅጠል ገደማ ስለሚሆን፣ ቅጠሉ 20 በ15 ከሆነ አሥራ አምስት ቆዳ ጥሩ ሆኖ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ሃያ አምስት ያህል መሰብሰብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ዳዊት የጀመረ አጥቢያ በሦስተኛው ዓመትም ዳዊት ላይ ነው።

4. መንከር፣ መወጠር፣ መፋቅ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ሳትቸኩሉ ሥሩት።

ቆዳውን ደሙ እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡትና በርሜል ውስጥ ንከሩት። በጨው የቆየ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ውኃውን ሦስት ጊዜ ለውጡ። ጨው የቀረበት ብራና ከደረቀ በኋላም እርጥበት እየሳበ ይወረዛል። ትኩስ ቆዳ በደጋ ሦስት ቀን ያህል፣ በቆላ ከዚያ ያነሰ ይነከራል፤ ውኃው በየቀኑ ይለወጥ። መድረሱን የምታውቁት ጠርዙን ይዛችሁ ስትጎትቱት ያለ ማንገራገር ሲለጠጥ ነው። ፀጉሩ በእጅ ሲነቀል ካያችሁ ግን አልፏል፤ ቆዳው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። በሌሎች አገሮች ፀጉሩን ለማላቀቅ ኖራ ውስጥ ይነክሩታል፤ በእኛ አሠራር ኖራ አይገባም፣ ፀጉሩ የሚወርደው በስለት ነው። ኖራ ባለመኖሩም ስቡን የሚያወጣው መፋቅ ብቻ ነውና በመፋቅ ላይ ቸልታ አይቻልም።

ቀዳዳ ካለው ከመወጠሩ በፊት በቀጭን ጅማት ይሰፋ። ከዚያ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብላችሁ፣ በየስድስትና ሰባት ሴንቲ ሜትሩ ጥንድ ቀዳዳ ብሱ፤ ለአንድ ፍየል ሠላሳ ጥንድ ያህል ይሆናል። በየጥንዱ አንድ ትንሽ እንጨት አስገቡና ገመዱን በእንጨቱ ላይ አስሩ። ገመዱ ቆዳውን በቀጥታ ከያዘ ሲወጠር ይቀደዋል። የማሰሩ ቅደም ተከተል ቀላል ነው፤ መጀመሪያ አንገትና ጅራት፣ ቀጥሎ አራቱ እግሮች ትይዩ ለትይዩ፣ ከዚያ ሆዱ በግራና በቀኝ። በአንድ ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መዞር ቆዳውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ብራና ደግሞ ተቆርጦ ሲታጠፍ እኩል አይተኛም። ሆዱ በኩል ቀጭን ስለሆነ ለዘብ አድርጋችሁ ወጥሩት።

ሲወጠር በጣት ስትመቱት እንደ ከበሮ ድምፅ ይስጥ። አሁን ሥጋ ያለበትን ገጽ ፋቁ። መፋቂያው ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ካጋደለ ይነክሳል። ከመሃል ወደ ዳር፣ ረጅም ረጅም አድርጎ መሳብ ነው። ሥጋውና ስቡ ሲያልቅ ውኃ እያፈሰሳችሁ በሻካራው ድንጋይ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ፈትጉት፣ ውኃው ወተት መስሎ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ። በፍየል ጀርባና በአንገቱ በኩል ስብ ይበዛል፤ እዚያ ላይ እጥፍ ጊዜ ስጡ። ጀማሪ ሁሉ መሃሉን አሳምሮ ፍቆ አንገቱን ይተወዋል።

ከዚያ ይድረቅ። ጠዋት ፀሐይ ላይ፣ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ። ቀትር ፀሐይ ላይ የቀረ ቆዳ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ይደርቃል፣ ቀለም አይዝም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ ገመዱን እየዞራችሁ አጥብቁ፤ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ እየተለጠጠ ይላላልና።

ሲደርቅ መወጠሪያውን ገልብጡትና ፀጉሩን በስለቱ ላጩ። ስለቱ በየጥቂት ደቂቃው ይሞረድ፤ የደነዘ ስለት ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን ይዞ ይነሣል። ከአንገት ወደ ጅራት፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ መላጨት ነው። ከተላጨ በኋላ ያንን ገጽ በትንሽ ውኃ አርጥባችሁ እንደገና በድንጋይ ፈትጉትና እንደተወጠረ አድርቁት። በመጨረሻ ሁለቱንም ገጽ ተወቅጦ በተነፋ የሸክላ ስባሪ ዱቄት ሲያሹት የቀረውን ቅባት ይጠጣል፣ ንጣትም ይሰጠዋል።

ከመወጠሪያው ሳይወርድ ፈትኑት። በአራት ቦታ፣ አንገቱ ላይ ጭምር፣ የውኃ ጠብታ አስቀምጡ። ጠብታው ኳስ ሆኖ ከቆመ ስብ አለ፤ ወደ ፍተጋው ተመለሱ። ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ከሰመጠ ደርሷል። ቶሎ ጠጥቶ ካበጠ ከመጠን በላይ ተፍቋል፤ እዚያ ላይ ቀለም ይፈሳል፣ ያ ቁራጭ ለመለማመጃ ይሁን።

5. ቀለምና ብርዕ

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይሠራል። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ፣ በቀጭን ጨርቅ የተነፋ ሁለት ብርጭቆ ጥላሸት ያዙ። አንድ ብርጭቆ ገብስ ከሰል እስኪሆን ቆልታችሁ ፍጩ። ሁለቱን በሸክላ ዕቃ በውኃ ለውሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እያማሰላችሁ ከሦስት እስከ ስድስት ወር አቆዩት። ሲበስል ጠፍጥፋችሁ አድርቁት፤ በሚጻፍበት ቀን ከጠፍጣፋው እየተፈረፈረ ይበጠበጣል።

የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው። አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ሙጫ በሦስት ማንኪያ ውኃ አሳድራችሁ በጨርቅ አጥልሉ፣ ወደ ቀለሙ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ልኩን የሚነግራችሁ ሙከራ ነው። ጥራጊ ብራና ላይ ጽፋችሁ ካደረ በኋላ በነጭ ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ሙጫው አንሷል። ብራናውን ስታጥፉት ፊደሉ ከተሰነጠቀና ከረገፈ ሙጫው በዝቷል። የፋብሪካ ቀለም በዚህ ቦታ አይተካም፤ ብዙው በብርሃን ይደበዝዛል። ጥላሸት አይደበዝዝም፣ ብራናውንም አይበላም። ለቀዩ የሚታመን ዱቄት ቀለም ገዝታችሁ በዚያው ሙጫ ብትበጠብጡ ይሆናል፤ ግን ቁራጩን ለአንድ ወር ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ሳትፈትኑ መጽሐፍ ላይ አታውሉት።

ብርዑ ከደረቀ መቃ ይቀረጻል። አፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መሃሉ በትንሹ የተሰነጠቀ። ተማሪው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መቅረጽ ካልሰለቸው ጸሐፊ ይሆናል።

6. መጻፍ፣ መጸለይ፣ ማረም

ቁራጮቹን አጥፋችሁ አራት አራቱን በአንድ ጥራዝ አድርጉ። ስትደረድሩ የፀጉር ገጽ ከፀጉር ገጽ፣ የሥጋ ገጽ ከሥጋ ገጽ ጋር ይግጠም፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ሁለቱ ትይዩ ገጾች አንድ መልክ እንዲኖራቸው ነው። ዳርና ዳሩን በወስፌ ብሱና በደነዘ ሹል ያለ ቀለም አስምሩ። ለዚህ መጠን አሥራ አራት መስመር ይበቃል።

ቀኑ በጸሎት ይከፈት፤ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ቢደርስ ሁለት ጥቅም አለው፣ የሚጻፈው እሱው ነውና። ግን እዚህ ወጥመድ አለ። በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ቅጂውን ማየት ትቶ ከልቡ ይጽፋል፣ ሐረግም ይዘላል። በተለይ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» በየአንቀጹ መጨረሻ ስለሚደጋገም ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ዘልሎ መሃሉን ሙሉ ይተወዋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በየዕለቱ ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ከቅጂው ላይ ቆጥራችሁ በወረቀት ያዙ፣ ተጽፎ ሲያልቅ እንደገና ቁጠሩ። ቅጂውን ሊቃውንቱ ይምረጡት፤ በገበያ ያለው ሁሉ የታረመ አይደለም።

አንዱ ቅጂውን ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው የተጻፈውን በጣት እየተከተለ በየገጹ ይታረም። በግእዝ የሠ እና የሰ፣ የዐ እና የአ መለዋወጥ ትርጉም ይለውጣልና አራሚው እነዚህን ለብቻ አንድ ጊዜ ያሳልፋቸው። ስሕተት ሲገኝ ቀለሙ በደንብ ይድረቅ፣ በምላጭ ጫፍ ተፍቆ ቦታው በድንጋይ ይለስልስ፣ እንደገና ይጻፍ። እርጥቡን መፋቅ ብራናውን ያቆሽሸዋል።

ስመ እግዝእትነና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊው ቦታውን ትቶ ያልፋል፣ ቀዩ በሌላ ቀን ይሞላል። ክፍት የቀረ ቦታ በየጥራዙ ተቆጥሮ በጥራዙ ጫፍ በእርሳስ ይመዝገብ፤ ካልሆነ የማርያም ስም የሌለበት ውዳሴ ማርያም ትጠርዛላችሁ።

ለዕቅድ ያህል ለአንድ ጥሩ ጸሐፊ በቀን ከሁለት ሦስት ገጽ በላይ አትያዙ። ሐረግ፣ ማለትም የገጽ ጌጥ፣ የሚሥለው ሰው ከጽሑፉ በኋላ ይግባ፤ ቦታው ግን ከመጀመሪያው ይለካ።

በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈበት ዓመተ ምሕረት፣ የአጥቢያው ስም፣ የዳማጩና የጸሐፊው ስመ ክርስትና ይስፈር። የዳማጩ ስም በቀድሞ መጻሕፍት እምብዛም አይገኝም፤ እናንተ አስገቡት።

7. መጠረዝ

ጥራዞቹ በአራት ቀዳዳ፣ ሁለት ሁለት ጥንድ ሆነው፣ በጅማት ወይም በጠንካራ ክር እየተሰንሰለሉ ይሰፋሉ። ገበታው፣ ማለትም የሽፋኑ እንጨት፣ ከዋንዛ ይሠራ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ፤ እርጥብ እንጨት ተጣሞ ስፌቱን ይበጥሳል። ደጓሽ፣ ማለትም ገበታውን ቆዳ የሚያለብስ ባለሙያ፣ ካገኛችሁ በቀይ ቆዳ ይደጉሰው፤ ካልተገኘ ገበታው ባዶውን ቢሆን ነውር የለውም። ማኅደር፣ ማለትም የመጽሐፍ ማስቀመጫ ከረጢት፣ አሠሩለት፤ ብራና ሳይታሰርና ሳይጠበቅ ሲቀር በእርጥበትና በሙቀት ይንጨራመማል።

8. ሒሳብ፣ ሽያጭና የነዳያን ድርሻ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ የሒሳብ መዝገብ ክፈቱ፦ የጨው፣ የገመድ፣ የሙጫ፣ የገበታ ወጪ፣ የዳማጩ ቀናት፣ የጸሐፊው ቀናት፣ የአራሚው ቀናት። ይህ ሁሉ ተደምሮ የመሸጫ ዋጋው ከዚያ በላይ ይሆናል። ከሽያጩ መጀመሪያ የሚወጣው የሰው ዋጋ ነው፤ ለምጽዋት የሚሄደው ከቀሪው ብቻ። ከዳማጩ ደመወዝ ተቀንሶ የሚሰጥ ምጽዋት የዳማጩ እንጂ የአጥቢያው አይደለም። ከቀሪው አንድ አምስተኛውን ለቀጣዩ ዓመት ዕቃ አስቀምጡ፤ ሌላው ለአብነት ተማሪዎች ምገባ፣ ለአረጋውያን ቀለብ ወይም ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ለወሰነው ይዋል። በቤተ ክርስቲያኗ ሕጋዊ ደረሰኝ ያልገባ ብር አይኑር፤ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ፣ ለባለሙያው የተከፈለውም ጭምር። ሰው ዋጋውን ሲሰማ «ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል?» ይላል፤ የቀናቱን ብዛት አብራችሁ አንብቡለት።

ጥሩ ገዢዎች ስእለት ያለባቸው ምእመናን፣ አዲስ የሚተከሉ አብያተ ክርስቲያናትና በውጭ የሚኖሩ ማኅበረ ምእመናን ናቸው። ትእዛዝ ስትቀበሉ ከዋጋው ግማሹን አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ያለበለዚያ የስድስት ወር ደመወዝ አጥቢያው ይሸከማል።

በሽያጭ በኩል ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። አዲሱን ብራና በጭስና በቅባት አጥቁሮ አሮጌ ማስመሰል በየቱሪስት መንገዱ የሚታይ ማጭበርበር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ በግልጽ የተጻፈውም ለዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጥንታዊ መጻሕፍትም «እንጠግናለን» ብላችሁ አትፍቱ፣ ባዶ ቅጠላቸውን አትቁረጡ፣ በአዲስ ቀለም አትደግሙ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ናቸው፤ ጥገናቸው የባለሙያና የባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። አዲሱ መጽሐፍ ወደ ውጭ ሲላክም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አይቶ ቅርስ አለመሆኑን ማረጋገጫ እንዲሰጥ አድርጉ፤ ያለዚያ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። ለዚህ ሥራ ሲባል በመዳመጡ ጊዜ የተነሣ ፎቶና የሒሳብ መዝገቡ ቅጂ አብሮ ቢቀርብ ነገሩን ያቀለዋል።

የብራናው ቁርጥራጭ አይጣል። ሰፋ ሰፋ ያለው ለቀለም መፈተኛና ለፊደል መለማመጃ ይሆናል። ጠባቡና ቀጭኑ ደግሞ በትንሽ ውኃ ቀስ ባለ እሳት ለሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀቀል ሙጫ ይወጣዋል፤ ደጓሹ ቆዳውን ገበታው ላይ የሚለጥፈው በሱ ነው። ሳይፈላ ይቀቀል፤ ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉን ያጣል፣ በሦስተኛው ቀንም ስለሚሸት ለሚጠረዘው መጽሐፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሥሩ።